ለጎበዜ የነገርኩት

ሰኞ ሰኔ 7 ቀን 1996

ትናንት ከአምልኮ በኋላ ወንድም ኢዩኤል መድረክ ላይ ወጥቶ ዘንድሮ ክረምቱን ማንም እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ አለ። የወንጌል ሥርጭት ክፍላችን ኃላፊ ነው፤ ገና ልጅ ነው፣ ሲናገር በእግሩ ጣት ይቆማል። "ሩቅ አገር ሂዱ አላልኳችሁም። እዚሁ መርካቶ፣ በምትሠሩበት ቦታ የማታውቁትን ሰው አናግሩ" አለ። ለአዲስ ዓመት አምልኮ እያንዳንዳችን ያገኘነውን ሰው ይዘን መድረክ ላይ እንድንቆም ይፈልጋል።

እኔ ምክንያት የለኝም። ሱቄ ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕና መርፌ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ የማላውቀው ሰው ፊቴ ይቆማል። ጌታን ካገኘሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ለአንድ ሰው እንኳ አፌን ሞልቼ ተናግሬ አላውቅም። ሌሎቹ ሲመሰክሩ "አሜን" የምል ሰው ነኝ።

ለጥላሁን ነገርኩት። ባሌ አብነት ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው፣ ወሬ አያበዛም። "አንቺ ዚፕ ስትሸጪ እንኳ ድምፅሽ አይሰማም" አለኝና ራቱን በላ።

ረቡዕ ሰኔ 9

ሞከርኩ። አንዲት ሴት ጥቁር ዚፕ ገዛች። ጠቅልዬ ስሰጣት "ኢየሱስ ይወድሻል" አልኳት፣ በጥድፊያ።

"ምን?"

ደገምኩት። ዚፑን ገልጣ አየችና "ከተበላሸ ትቀይሪልኛለሽ?" አለችኝ።

እቀይራለሁ አልኳት።

ዓርብ ሰኔ 11

ጠሂራ ሰምታኛለች። ሱቃችንን የሚለየው ቆርቆሮ ብቻ ነው። እሷ ሻርፕና ገበር ትሸጣለች፤ ሱቁ የአባቷ ነበር። ምሳችንን አብረን ነው የምንበላው፣ ስንቱ ዓመት።

"እኔንስ የምትሰብኪኝ መቼ ነው?" አለችኝ።

"አንቺ እንግዳ አይደለሽም።"

"እንዴ፣ የሚድነው እንግዳ ብቻ ነው?" ሳቀች። "ግድ የለም። እኔም በየሶላቱ ላንቺ ዱዓ አደርጋለሁ። የማን እንደሚቀድም እናያለን።"

መልስ ነበረኝ። ደንበኛ መጣ።

ሰኞ ሰኔ 14

ዛሬ ከሲኒማ ራስ ታክሲ ስይዝ ትንሿ መጽሐፍ ቅዱሴ ከቦርሳዬ ወደቀች። ወያላው አንስቶ ሰጠኝና "ጴንጤ ናት፣ ጠጋ በሉላት፣ መዝሙር ልታስጀምር ነው!" አለ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ያኔ ነበር መናገር። ሁሉም እያየኝ ነበር። እስክወርድ መስኮት መስኮቱን ሳይ ቆየሁ።

የላይኛው ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ዛሬም ንጋት ላይ ቀሰቀሰኝ። ጥላሁን አይሰማውም። ቅዳሴውን የመሩት አዲስ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ ዜማውን ግን ያቻኩሉታል። መስኮቱን ዘጋሁ።

ማክሰኞ ሰኔ 22

ይሄን ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ለክረምቱ ጤፍ ልገዛ እህል በረንዳ ሄድኩ። ነጋዴው ግማሽ ኩንታሉን የሚሸከም ሰው ጠራልኝ። ጎበዜ ይባላል፤ አገሩ ጎጃም ነው፣ ከደብረ ማርቆስ ወዲያ። በዕድሜ ከኔ ከፍ ይላል፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። ጆንያውን ትከሻው ላይ አውጥቶ ወደ አብነት ሲወርድ ከጎኑ መሄድ ጀመርኩ። አሁን ካልሆነ መቼ ነው አልኩ።

"ወንድሜ፣ ኢየሱስን ታውቀዋለህ?"

"እትዬ፣ ጭነት ላይ ነኝ" አለኝ ከጆንያው ሥር። "ሳወርድ ይንገሩኝ።"

እኔ እኮ የጠየቅኩት ጭነት ላይ ሆኖ መልስ ስለማይሰጠኝ ነው መሰለኝ። ቤት ደረስን። አወረደ፣ በፎጣው ፊቱን ጠረገ፣ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

"እሺ፤ አሁን ይንገሩኝ።"

የሚጠብቀኝ ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም። የተማርኩት ሁሉ ጠፋኝ። "ኢየሱስ ሸክምህን ሁሉ ይሸከምልሃል" አልኩት። ጆንያውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። አልሳቀም።

"ጥሩ ነገር ነው" አለኝ። ውኃ ለመነኝ፣ ጠጣ፣ አመስግኖኝ ሄደ።

ለተሸካሚ ይህን ማለቴ! እንጀራ ስጋግር፣ ልብስ ሳጥፍ፣ ሁሉ ነገር ውስጥ ፊቱ እየመጣብኝ ዋልኩ።

ማክሰኞ ሐምሌ 6

ጎበዜ ሱቄ መጣ! ከባድ ዝናብ ነበር። ሰላም ብሎኝ ከሸራው ሥር ቆመ። የቃሉ ጥማት እንዳለው ያስታውቃል። ዝናቡ እስኪያባራ አወራን። ሲያባራ ሄደ።

ሐሙስ ሐምሌ 8

ዛሬም ዘነበ። ዛሬም መጣ።

ስለ ጸጋ እየነገርኩት ነበር። እስክጨርስ ጠበቀኝ። ሰው ሲያዳምጥ አንገቱን ወደ አንድ በኩል ዘንበል ያደርጋል።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"ጠይቅ።"

"እመቤታችንን አይወዱም ይላሉ። እውነት ነው?"

"ኸረ እናከብራታለን!"

"ሲያከብሯት ስሟን የሚጠሩት መቼ ነው?"

በቅን ነው የጠየቀው፣ ሊያሸንፈኝ አይደለም። ደንበኛ መጣ። ክር ነው የፈለገችው፣ ቀዩን ጠይቃኝ አረንጓዴ ሰጠኋት።

እሑድ ሐምሌ 11

ለወንድም ኢዩኤል ነገርኩት። አንድ ሰው አለ፣ የእህል በረንዳ ተሸካሚ ነው፣ ቀርቧል አልኩት። ደስ አለው፣ ወዲያው ማይክራፎኑን አነሳ። "እህት ፍሬሕይወት ለአንድ ወንድም እየመሰከረች ነው፤ እንጸልይ" አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ደስ አለኝ። ደስ ያለኝ ለጎበዜ ብዬ ነው።

"ቀርቧል" ያልኩት ትንሽ ሳይበዛ አልቀረም።

ረቡዕ ሐምሌ 14

ለእሑድ ጋበዝኩት። ጎበዜ ትንሽ አሰበ። "ሰው ቤት ሲጠሩት መሄድ ነው" አለኝ። እመጣለሁ ማለቱ ነው።

ጠሂራ በቆርቆሮው በኩል "ለእሑዱ ሻርፕ ልስጠው?" ብላ ሳቀችብኝ።

እሑድ ሐምሌ 18

መጣ። ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጸጉሩን አርሶ አበጥሮ። በሩ ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል አስተናጋጁ "አያስፈልግም፣ ይግቡ" አለው። ጎበዜ ጫማውን አየ፣ የሲሚንቶውን ወለል አየ፣ እኔን አየ። ገባ። ወንበር ሰጡት። ጫፉ ላይ ተቀመጠ።

መጨረሻ ላይ ወንድም ኢዩኤል ሁላችንንም ዓይናችንን አስጨፈነና "ጌታን ዛሬ መቀበል የምትፈልጉ እጃችሁን አንሱ" አለ። እኔ ዓይኔን ገለጥኩ። ጎበዜ አንስቷል።

ያቀፈኝ ሰው ብዛት! ወንድም ኢዩኤል ዓይኑ እንባ ሞልቶ "እህት ፍሬ፣ እንደ ስምሽ አደረገልሽ" አለኝ። ጥላሁን እንኳ ከወንድሞች ጋር እየሳቀ ነበር። ጎበዜን ለመሰናበት ስፈልገው ሄዷል።

ክብር ለጌታ ይሁን።

ሰኞ ሐምሌ 19

ዝናብ አልነበረም፣ ጎበዜ ግን መጣ። በርጩማ ሰጠሁት።

"ትናንት እንዴት አየኸው?"

"ጥሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ቆሜ ነው የለመድኩት እንጂ ወንበራቸውም ጥሩ ነው።"

"እጅህን ያነሳኸው…" ብዬ ጀመርኩ። ለምን እንደጠየቅኩት አላውቅም። ዝም ብል ምን ነበረበት?

"አንሱ ሲሉ አነሳሁ። እርስዎ ናቸው የጠሩኝ። ሰው ፊት አላሳፍርዎትም ብዬ ነው።"

ይህን ያለኝ እያሰበልኝ ነው። ሻይ ላዝዝልህ አልኩት። ሥራ አለኝ ብሎ ሄደ።

ለወንድም ኢዩኤል እነግረዋለሁ። በዚህ ሳምንት።

እሑድ ሐምሌ 25

አልነገርኩትም። ብዙ ሰው ከቦት ነበር። ጎበዜና እኔ በአዲስ ዓመት መድረክ ላይ እንደምንቆም ለጉባኤው ተናገረ፤ እኔ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ነኝ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ እንዴት ልነሳ? ደግሞስ የሰው ልብ ውስጥ የሚያይ ማነው? እጁ በይሉኝታ ተነስቶ ይሆናል፤ መንፈስ ቅዱስ በይሉኝታም ሊሠራ ይችላል። ይህን ለጥላሁን ስነግረው "እንዲያ ከሆነ ለምን ለኢዩኤል አትነግሪውም?" አለኝ።

ሰኞ ነሐሴ 3

ፍልሰታ ገብቷል። ድምፅ ማጉያው ቀኑን ሙሉ አያርፍም፤ ጠዋት ኪዳን፣ ውዳሴ ማርያም ትርጓሜ፣ ከቀትር በኋላ ቅዳሴ። ሱቅ ድረስ ይሰማል ስል ጠሂራ "እኔ አልሰማሁም" አለችኝ።

ጎበዜ አለፈ፤ ጀርባው ላይ የስንዴ ጆንያ ነበር፣ ከንፈሩ ደርቋል። ሲመለስ ዳቦ ሰጠሁት። ተቀብሎ ወረቀት ውስጥ ጠቀለለው።

"ለምን አትበላም?"

"ከቅዳሴ በኋላ እበላዋለሁ" አለኝ፤ ያወቅኩ መስሎት ነው። አውቄያለሁም። ወንድም ኢዩኤል ዛሬ ደውሎ የጎበዜን የደቀ መዝሙር ትምህርት መቼ እንደሚጀምርለት ጠይቆኛል። ከበዓሉ በኋላ አልኩት። የትኛው በዓል ብሎ አልጠየቀኝም።

ማክሰኞ ነሐሴ 11

ጎበዜ ወደቀ።

ረቡዕ ነሐሴ 12

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ሰማዩ ሲያጉረመርም ሁለት የእህል በረንዳ ተሸካሚዎች ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ከእግር እስከ ራሳቸው ጭቃ ናቸው። "ፍሬሕይወት የምትባዪ አንቺ ነሽ?" አለኝ አንዱ። ከመኪና ጤፍ ሲያወርዱ ሳንቃው አንሸራትቶት ጎበዜ ወድቋል፣ ጆንያው ላዩ ላይ ወድቋል። በሰው ጀርባ ሆስፒታል አድርሰውታል። እዚያ ዘመድ አለህ ወይ ሲሉት "እህቴ ቁልፍ ትሸጣለች" ብሎ የኔን ሱቅ ነገራቸው።

እህቴ ብሎ። እስከ ትናንት እትዬ ነበርኩ።

ጠሂራ ከኔ በፊት ተነስታ የሱቄን በር መዝጋት ጀምራ ነበር። "ሂጂ እንጂ፣ ምን ያስቆምሻል?"

ሆስፒታሉ ውስጥ አገኘሁት። ወገቡ ነው። እግሩን ሲነኩት አይሰማውም። ሲያየኝ መጀመሪያ ያለኝ ነገር "ሱቁን ማን ያዘልሽ?" ነው። አንቺ አለኝ። ዛሬ ቁጭ ብዬ ስጽፈው ነው ልብ ያልኩት።

ዓርብ ነሐሴ 14

ወንድም ኢዩኤልና ሦስት እህቶች ከኔ ጋር መጡ። እጃቸውን ጭነው ጸለዩለት። ወንድም ኢዩኤል ከልቡ ነው የጸለየው፣ ላብ በላብ እስኪሆን። ጎበዜ "አሜን" አለ፣ እያንዳንዳቸውን አመሰገነ። ብርቱካን አመጡለት። እነሱ ሲወጡ "ምስኪን፣ ልጁ ለኔ ብሎ ደከመ" አለኝ።

ጠሂራ ምግብ ሠርታ በኔ ላከች። ክዳኑን ስከፍተው ሽሮ ነው፣ ያለ ቅቤ። "ጾመኛ ነው አላልሽኝም?" አለችኝ። መቼ ነው ያልኳት? አላልኳትም ብዬ ነበር የማስበው።

እሑድ ነሐሴ 16

ፍልሰታ ተፈታ። አምልኮ ሄድኩ። ዝማሬው መሃል የላይኛው ቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማኝ ነበር። ጎበዜ ትኩሳት ጀምሮታል፣ ያስለዋል።

ማክሰኞ ነሐሴ 18

ሐኪሙ ሳንባው ታሟል አለ፤ ተኝቶ መዋሉ ነው ያመጣበት። መድኃኒት እየሰጡት ነው። "ሌላ ቤተሰብ ካለ ጥሩት" አለኝ። ደብረ ማርቆስ በሚሄድ ሹፌር በኩል ለታናሽ ወንድሙ መልእክት ላክን።

ጎበዜ እጄን ያዘኝ። እጁ እንደ ምጣድ ይፋጃል።

"እህቴ፣ አንድ ነገር አድርጊልኝ።"

"ምን ላድርግልህ?"

"ቄስ ጥሪልኝ። የነፍስ አባቴ አገር ቤት ናቸው፣ አይደርሱልኝም። ማንም ይሁን። ኃጢአቴን ሳልናገር እንዳልሄድ።"

ኃጢአትህን ለኢየሱስ በቀጥታ መናገር ትችላለህ፣ እዚሁ አልጋህ ላይ፣ አሁን። ይህን ልለው ነበር። ሰኔ ላይ ብሆን እለው ነበር። አንገቱን ዘንበል አድርጎ እየጠበቀኝ ነበር።

"እሺ" አልኩት።

ረቡዕ ነሐሴ 19

ዝናብ። ጥላሁን ጉንፋን ይዞታል። መሄድ አልቻልኩም።

ሐሙስ ነሐሴ 20

ለወንድም ኢዩኤል በስልክ ነገርኩት። "እህት ፍሬ፣ ይህ ፈተና ነው። ሰውዬው ጌታን ተቀብሏል። በፍርሃት ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ አለ። ቃሉን አንብቢለት፣ አበርቺው። ቄስ ግን እንዳትጠሪ" አለኝ። ያኔ ነበር እጁን ስላነሳበት ነገር መናገር የነበረብኝ። "እሺ" አልኩት። ለሁለቱም እሺ ብያለሁ።

ጎበዜ ዛሬ አልጠየቀኝም። በሩን ነው የሚያየው።

ዓርብ ነሐሴ 21

ገበያ የለም። ጠሂራ የኔ ሱቅ ውስጥ መጥታ ተቀመጠች።

"ምን ሆነሻል?"

ነገርኳት።

"ታዲያ ለምን አልጠራሽለትም?"

"አንቺ አይገባሽም።"

"እሺ አይገባኝ። አባቴ ሊሞት ሲያጣጥር ሼኩን የጠራ ማነው? እኔ እያለቀስኩ መቆም አቅቶኝ፣ በዝናብ ታክሲ ተሳፍራ የሄደች ማናት?"

"ያ ሌላ ነው።"

"ምኑ ነው ሌላ?"

ደንበኛ እስኪመጣ ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም።

"የሼኩ ቤት" አልኳት በመጨረሻ፣ "እኔ ትቼው የወጣሁት ቤት አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ያደግኩበትና የተውኩት ነው።" ጠሂራ ሻርፗን አስተካክላ ወደ ሱቋ ሄደች፣ ከዚያ ተመልሳ በሩ ላይ ቆማ "ነገ ሱቅሽን እኔ እይዛለሁ" አለችኝ።

ጥላሁን ማታ ሁሉንም ሰማ። "የሰውዬው ነፍስ የማን ናት? ያንቺ ናት ወይስ የኢዩኤል?" አለኝ። የማንኛችንም አይደለችም አልኩት። "እንግዲህ" አለና ዞሮ ተኛ።

ቅዳሜ ነሐሴ 22

ሄድኩ።

ነጠላ አድርጌ ወጣሁ። ሳጥን ውስጥ ስለቆየ የታጠፈበት መስመር አልለቀቀም። የላይኛው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስደርስ እንደ ድሮው ልሳለም ወይስ ዝም ብዬ ልግባ አላወቅኩም። አንዲት እናት ከኋላዬ መጥተው "እለፊ ልጄ፣ ዝናብ ነው" አሉኝ፤ ገባሁ። የአባባ መቃብር በስተግራ ነው። ሲቀበር እዚህ በር ላይ፣ ውጪ ቆሜ ነበር። ዓይኔን መሬት ላይ አድርጌ አለፍኩት።

አባ ኪዳነወልድ በሕይወት አሉ። አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል። የቤታችን የነፍስ አባት ነበሩ፤ አባባንም የቀበሩት እሳቸው ናቸው። ሌላ ቄስ ባገኝ በወደድኩ ነበር፣ ግን ደጀ ሰላሙ ውስጥ የነበሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

"ማን ልበል?" አሉኝ።

"ፍሬሕይወት ነኝ አባ። የአቶ ዱባለ ልጅ።"

ፊቴን ለማየት ጎንበስ አሉ። "ወለተ ማርያም" አሉኝ።

በዚህ ስም ሰው ከጠራኝ ስንት ጊዜው ነው።

"ልትመለሺ ነው የመጣሽው?"

"አይደለም አባ። የመጣሁት ለሌላ ሰው ነው።" ስለ ጎበዜ ነገርኳቸው፤ ማን እንደሆነ፣ እንዴት እንዳወቅኩት። ልሰብከው ብዬ ነው ያወቅኩት አልኳቸው። ልዋሻቸው አልፈለግኩም። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር።

"ጥላ ይዘሻል?" ብቻ አሉኝ።

በአንድ ጥላ እስከ ታክሲ ወረድን። ክንዴን ይዘው ነበር የሚሄዱት፣ ክብደታቸው የሰው አይመስልም፣ ቀለል ያለ ነው። ወያላው ለሳቸው የፊቱን ወንበር አስለቀቀ። መስቀላቸውን ለመሳለም ከኋላ ሰው አንገቱን ሲያሰግግ እኔ መሃል ነበርኩ።

ሆስፒታል ስንደርስ ጎበዜ ሊነሳ ሞከረ፤ አልቻለም። አባ ወንበር ስበው ጆሮአቸውን ወደ አፉ አስጠጉ። እኔ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ረጅም ጊዜ ነው የቆየው። መጨረሻ ላይ "እግዚአብሔር ይፍታህ" ሲሉ ሰማሁ፣ ጎበዜም ሲያለቅስ ሰማሁ። የጸበሉ ጠብታ ወለሉ ላይ እስከ በሩ መጥቷል።

ስገባ ፊቱ ሌላ ሰው ሆኗል። ትኩሳቱ አልወረደም፣ ግን በሩን ማየት ትቷል።

"እዚያ እናንተ ቤት እጄን ማንሳቴንም ነገርኳቸው" አለኝ። "ለምን አነሳህ አሉኝ። ሰው እንዳይከፋ ብዬ ነው አልኳቸው። ኃጢአት ነው ወይ አባ ብዬ ጠየቅኩ።"

"ምን አሉህ?"

"ለእህትህ ተወው፣ የምታደርገውን ታውቃለች አሉኝ።"

አባን ስመልሳቸው የአባባ መቃብር ጋ ቆምኩ። አባ ሳይጠይቁኝ ቆሙልኝ፣ ጥላውን ያዙልኝ።

እሑድ ነሐሴ 23

አምልኮው ሳይጀመር ወንድም ኢዩኤል ጎን ጠራኝ። አንዷ እህት ትናንት ሆስፒታል ሄዳ ቄሱን አይታለች።

"እውነት ነው?"

"እውነት ነው። እኔ ነኝ ያመጣኋቸው።" ከዚያ ቀሪውን ነገርኩት። እጁን ያነሳው እኔን ላለማሳፈር እንደሆነ፣ በማግስቱ እንዳወቅኩ፣ እያወቅኩ ዝም እንዳልኩ።

ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ያኔ ልጅነቱ ታየኝ።

"ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እኮ ስሙን ጠርቼ ስጾም ነበር።"

"አሁንም ጸልይለት። ታሟል።"

ዝማሬው ሲጀመር ተነስቶ መድረክ ላይ ወጣ፣ ሲናገር በእግሩ ጣት አልቆመም።

ዓርብ ነሐሴ 28

ትኩሳቱ ወረደ። ወንድም ኢዩኤል ደውዬ ስነግረው "ጌታ ጸሎታችንን ሰማ" አለ። አጠገቡ የተኛው ታማሚ ጸበሉ ነው አለ። ጠሂራ ጣሪያውን አየች፣ ፈገግ አለች። ሐኪሙ መርፌው ነው አለ።

እግሩ ግን አይመለስም ብለዋል። ይህንን ለጎበዜ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ሐኪሙ ለቤተሰብ ብሎ ለኔ ነው የነገረኝ። ምንም የተዘጋጀ ቃል አልነበረኝም። እጁን ይዤ "ጎበዜ፣ እግርህ አይመለስም" አልኩት። ጣሪያውን ሲያይ ቆየ። "አንቺ ነገርሽኝ፣ ጥሩ ነው" አለኝ። ብዙ ተቀመጥኩ። ኢየሱስን አላነሳሁም፣ እሱም እመቤታችንን አላነሳም።

ረቡዕ ጳጉሜን 3

ታናሽ ወንድሙ ከአገር ቤት ደረሰ። የጎበዜ ቁርጥ ነው፣ አንገቱን እንደሱ ዘንበል ያደርጋል። እኔን ምን ብሎ እንደሚጠራ ግራ ገብቶት "እታለም" አለኝ። ሊወስደው ነው።

እሑድ መስከረም 2 ቀን 1997

የአዲስ ዓመት አምልኮ ነበር። ሰዎች ያገኙትን ሰው ይዘው ቆሙ፣ ጭብጨባው ብዙ ነበር። ወንድም ኢዩኤል አስቀድሞ "መቆም አይጠበቅብሽም" ብሎኝ ነበር። በደግነት ነው ያለው። እኔ ግን ሰው ሁሉ ለዚያ ሰው ሲጸልይ ከርሟል፤ ማወቅ ይገባዋል ብዬ ወጣሁ። ድምፄ ከኋላ እንዲሰማ ማይክራፎኑን ከአፌ አስጠጋሁ።

"ያናገርኩት ሰው የኛን እምነት አልተቀበለም። እጁን ያነሳው ለኔ አዝኖ ነው፤ እኔም ይህን ደብቄያችሁ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ። ስሙ ጎበዜ ነው፣ እግሩ አይንቀሳቀስም፣ በዚህ ሳምንት አገሩ ይገባል። ጸልዩለት።"

ማንም አላጨበጨበም። ማይክራፎኑን ሳስረክብ ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ "አሜን" ሲሉ ተሰማ። ወንድም ኢዩኤል ቆይቶ "እንጸልይ" አለ፣ የጎበዜንም ስም በትክክል ጠራ።

ጥላሁን ቤት ስንደርስ "ዛሬ ተሰምተሻል" አለኝ።

ሐሙስ መስከረም 6

ጎበዜ ሄደ።

ከንጋት በፊት አውቶቡስ ተራ ደረስን፤ ጠሂራና እኔ። ከእህል በረንዳ ብዙ ሰው መጥቷል። በብርድ ልብስ አድርገው እነዚያ ጆንያ የሚሸከሙ ሰዎች ተሸከሙት፤ በአውቶቡሱ ጠባብ በር አንዴ በእግሩ፣ አንዴ በራሱ እየሞከሩ ሲያስገቡት እሱ ከላይ ሆኖ "ወደ ግራ፣ ወደ ግራ" እያለ ያዛቸው ነበር። ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። የኋላውን ረጅም ወንበር ይዘውለታል። ጠሂራ ራሱ ሥር ሻርፕ አጥፋ አደረገችለት፣ ከሱቋ ጥሩውን።

ከፊቱ ባለው ወንበር ላይ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ዞረው አዩን።

"እህትህ ናት?" አሉት እኔን እያዩ።

"እህቴ ናት።"

"የኛ አገር ሰው አትመስልም።"

"የመርካቶ ናት። ጴንጤ ናት" አለ ጎበዜ፤ እንደ ማንኛውም ነገር ነው ያለው። ሽማግሌው ፊታቸውን ጨምደድ አደረጉና ወደ ፊት ዞሩ።

ምን ብዬ እንደምሰናበተው አስቤ አልመጣሁም ነበር። ክረምቱን ሙሉ ብዙ ነግሬዋለሁ። "ደህና ግባ ወንድሜ" አልኩት። ጎንበስ ስልለት ግንባሬን ሳመኝ። ወያላው "የማትሄዱ ውረዱ!" እያለ አስወረደን።

ከታች ሆኜ መስኮቱን አየሁ። ዝናቡ ስላላባራ መስታወቱ ተዘግቷል፣ በጉም ተሸፍኗል፣ ጎበዜ ግን በክርኑ ተደግፎ በእጁ ጠርጎ ትንሽ ቦታ ከፍቷል። እጁን አወዛወዘልኝ። ከዚያ ሽማግሌውን ትከሻቸውን ነካ አደረጋቸው። አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምፅ ግን የለም። በጣቱ ወደኔ አመለከተ። ሞተሩ ተነሳ።

ምን እንዳላቸው አልሰማሁም። አውቶቡሱ ከበሩ ሲወጣ ጎበዜ ገና እያወራ ነበር፤ ሽማግሌው ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞረው፣ ጋቢያቸውን ከጆሯቸው ላይ ገልጠው ያዳምጡታል።